በእኅቴ ስም የተከፈተ ሐሰተኛ ገጽ

ጎንደር ውስጥ የሐገር ባህል ልብስ የምትሸጠውን የእኅቴን ስምና ፎቶግራፎች የወሰደ ሰው፣ በማኅበራዊ ትስስር መድረክ ላይ ሌላ ገጽ ከፍቶ፣ ለጥምቀት ቀሚስ ከሚያዙ ደንበኞቿ በቴሌብር ቀብድ ይቀበላል። እርሷ ራሷ ለመድረኩ ብታመለክትም የተሰጣት መልስ «ደንብ አልተጣሰም» የሚል ነው። አስመሳዩ የገጹን ስም ስለሚቀያይር በስሙ መከታተል አልተቻለም፤ የማይለወጠውን የገጹን መለያ ቁጥር፣ ገንዘብ የገባበትን ስልክ ቁጥርና የክፍያ ማረጋገጫዎችን ግን ይዘናል። ከፋዮቹ የሚኖሩት ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ነው (አንዳንዶቹ የሚወቅሱት እርሷኑ ነው)። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የማንነት ስርቆትንም ማታለልንም እንደሚያስቀጣ እናውቃለን። ታዲያ እኅቴ ብቻዋን ጎንደር ላይ ለፖሊስ ማመልከቷ ይበቃል፣ ወይስ ገንዘብ የከፈሉት ሁሉ በየከተማቸው ማመልከት አለባቸው?