ካውንስለሯ ስለዚያ ቀን አለመጠየቋ ልክ ነው?

የጠባሴ ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ቤቶች። እህቴ በ2013 አጣዬ ስትቃጠል ቤቷን ጥላ የወጣች ናት፣ አሁን ደብረ ብርሃን እኛ ጋ ነው ያለችው። በር ድው ሲል ትደነግጣለች። ሌሊት ላብ አጥምቋት ትነሳለች። በስንት ልመና ካውንስለር (የሥነ ልቦና አማካሪ) ጋ ወሰድኳት፣ ሴትየዋ ግን ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አትልም! ስለ እንቅልፏ፣ ስለ አተነፋፈሷ፣ ከማን ጋር ቡና እንደምትጠጣ ነው የምትጠይቃት። ዘርግፋ ካልወጣላት እንዴት ይሻላታል? ብር እየጨረስን ይሆን?

መንዜው፦ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። አትቸኩል ወንድሜ። መጀመሪያ ሰውየው እንዲረጋጋና ባለሙያውን እንዲያምን ይደረጋል፣ ወደ ታሪኩ የሚገባው ከዚያ ነው። አደጋ በደረሰ ሰሞን ሰውን አስቀምጦ ሁሉን አስወርቶ መሸኘትን የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክርም።

የሸዋሮቢቷ፦ እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ገና ስቀመጥ "ሁሉንም ንገሪኝ" ተባልኩ። ተመልሼ አልሄድኩም። ሌላዋ ግን ቀስ ብላ አስለመደችኝና አንዱን ታሪክ ደጋግሜ፣ አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጌ እንድነግራት አደረገች። መጀመሪያ ላይ እንቀጠቀጥ ነበር። እየደጋገምኩት ስሄድ ፍርሃቱ ወረደ። ገበያ መሄድም ትቼ ነበር፣ እሱን በቤት ሥራ መልክ ሰጠችኝ፦ መጀመሪያ ዳር ድረስ ከእህቴ ጋር፣ በኋላ ብቻዬን።

አንኮበሬ፦ መንዜው ልክ ነህ፣ ግን መረጋጋት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። የሸዋሮቢቷ ያገኘችው ዓይነት ሕክምና ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ቀጠሮ ነው። ስለዚህ "ወደ ዋናው ነገር መቼ ነው የምንገባው?" ብላ እህትህ ራሷ ትጠይቃት፣ አንተ አትጠይቅላት። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይከፋም።

ደብረ ሲና፦ ፃድቃኔ ማርያም ጸበል ውሰዳት እንጂ በወሬ የዳነ የለም።

መንዜው፦ ትሂድ፣ ማን ከለከላት። የታዘዘላት መድኃኒት ካለ ግን እንዳታቋርጥ። የእንቅልፍ ክኒን ከሱቅ እየገዛችሁ አትስጧት፣ ሱስ ያሲዛል።

የጠባሴ ልጅ፦ አመሰግናለሁ። ሌሊት ስትባንንስ ምን ላድርግ?

መንዜው፦ ከኋላ ሄደህ አትያዛት። መብራት አብራ፣ በስሟ ጥራትና "ደብረ ብርሃን ቤት ነሽ፣ እኔ ነኝ" በላት። እግሯን መሬት ታስነካ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ፊቷን ታስነካ፣ ስትተነፍስ ማስወጣቱን ከማስገባቱ ታስረዝመው። ስላየችው ቅዠት በዚያ ሰዓት አትጠይቃት። "መሞት ይሻለኛል" ካለች ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት፣ ብቻዋንም አትተዋት።