ሊቪ ውሸታም ያለውን ሰው ለምን ደጋግሞ ይጠቅሰዋል?

የሌሊት አንባቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥንታዊው ሮማዊ ጸሐፊ ሊቪ የጻፈውን የሮማ ታሪክ ይዤ 26ኛው መጽሐፍ ላይ ደርሻለሁ። ሮማዊው የጦር አዛዥ ሲፒዮ ስፔን ውስጥ አዲስ ካርታጎን ይይዛል (ከክርስቶስ ልደት በፊት በ209)፤ ከዚያ ምርኮ ይቆጠራል። «ጊንጥ» የሚሏቸው ፍላጻ መወርወሪያዎች ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ሲሌኖስ ጋ ትልቅ ትንሹ ተደምሮ 60 ናቸው። ከሊቪ በፊት የጻፈው ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ቫሌሪየስ አንቲያስ ጋ ግን ትልልቆቹ 6,000፣ ትንንሾቹ 13,000! ሊቪ «ለመዋሸት ልክ የሚባል ነገር የለም» ብሎ ያልፋል። እንዲህ ከናቀው ታዲያ ሌላ ቦታ ለምን ይጠራዋል?

ጡረተኛው፦
22 ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ፤ ቆጠራ የሚያጋንን ሰው ገና ከሩቁ አውቀዋለሁ። ሊቪ የጦር አዛዥም ሴናተርም አልነበረም፤ የጻፈው የቀደሙትን መጻሕፍት አገላብጦ ነው። አንቲያስ ደግሞ ለሁሉም ነገር ቁጥር አያጣም። ቁጥር የቸገረው ሰው ዞሮ ዞሮ እሱ ደጅ ነው የሚቆመው።

33ኛው ላይ ስትደርስ ሮማውያን መቄዶናውያንን ያሸነፉበትን የኪኖስኬፋላይን ጦርነት (ከክርስቶስ ልደት በፊት 197) ተመልከት። አንቲያስ 40,000 ጠላት ተገደለ፣ 5,700 ተማረከ ይላል። ሊቪ ምርኮኞቹ ላይ ሲደርስ «እዚህ ላይ እንኳ ውሸቱ ቆጠብ ያለ ነው» ይለዋል። ብቻዬን ሳቅሁ። እኔን የያዘኝ ግን የተማረኩት ዓርማዎች ቁጥር ነው፦ 249። 250 ቢል ማንም ይጠረጥር ነበር፤ 249 ሲል ግን ቆሞ አንድ በአንድ የቆጠረ ይመስላል። ይህቺን ዘዴ በሥራዬም ስንቴ አይቻታለሁ! ሊቪ መጨረሻ ላይ የግሪካዊውን ታሪክ ጸሐፊ የፖሊቢየስን ነው የተቀበለው፦ 8,000 ሟች፣ 5,000 ምርኮኛ።

ፊደል ቆጣሪ፦
ሊቪም አልቀረለትም እኮ። በዘመኑ የነበረው ሮማዊ ታሪክ ጸሐፊ አሲኒየስ ፖሊዮ (አዎ፣ ስሙ እንደ በሽታው ነው) የሊቪ ላቲን ፓዱዋ ፓዱዋ ይሸታል ብሎ አምቶታል፤ ፓዱዋ የሊቪ የትውልድ ከተማ ናትና። ይህን ያቆየልን ሮማዊው የንግግር መምህር ኩዊንቲሊያን ነው። ፖሊዮ ቄሳርንም በግዴለሽነት፣ ለእውነት ብዙም ሳይጨነቅ ጻፈ ብሎታል። ያውም ከቄሳር ጋር አብሮ የዘመተ ሰው!

የሌሊት አንባቢ፦
ጋሼ ጡረተኛው፣ እግዜር ይስጥልኝ። የአንቲያስ መጽሐፍ ራሱስ የት ይገኛል?

ጡረተኛው፦
የትም። ሌሎች ሲጠቅሱት የተረፈ ቁርጥራጭ ብቻ ነው ያለው፤ የፖሊዮም እንደዚያው። ከሊቪ ከራሱ 142 መጻሕፍት የደረሱን 35 ናቸው። አንቲያስን የማውቀው በከሳሹ አፍ ስለሆነ፣ 13,000ዎቹን ጊንጦች ለጊዜው በእርሳስ ነው የመዘገብኳቸው።