ወደ ጥላው መሃል ይበልጥ የቀረበው ግርዶሽ ለምን አጠረ?

ጥያቄ፦ ከ«አድማስ»

የተከበራችሁ አንባቢያን፣ የጨረቃ ግርዶሾችን የሚዘረዝሩ ሠንጠረዦችን ስመረምር ግራ ያጋባኝ ነገር ስላለ በስሌቱ የበረታችሁ እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቀናቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጁን 15 ቀን 2011 የደረሰው ሙሉ ግርዶሽ «ጋማ» በሚባለው መለኪያ 0.0897 ተብሎ ተመዝግቧል፤ የጁላይ 27 ቀን 2018ቱ ደግሞ 0.1168 ነው። እኔ እንደተረዳሁት ጋማ ባነሰ ቁጥር ጨረቃ ወደ ምድር ጥላ መሃል ይበልጥ ቀርባ ታልፋለች። እንዲህ ከሆነ በ2011 ጨረቃ ሰፊውን የጥላ ክፍል አቋርጣ ረዘም ላለ ጊዜ ተሸፍና መቆየት ነበረባት። ሠንጠረዡ ግን የሚናገረው ተቃራኒውን ነው፤ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነችበት ጊዜ በ2011 ወደ 100 ደቂቃ ሲሆን በ2018 ወደ 103 ደቂቃ ነበር፤ ይህም በ21ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ውስጥ ረጅሙ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዙ ሁለት ጥያቄዎች አሉኝ። አንደኛው፣ ሴፕቴምበር 7 ቀን 2025 የታየው ግርዶሽ ከማዕከላዊ ግርዶሾች ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ሁለተኛው፣ ጨረቃ በጥላው መሃል ስታልፍ ከሌላው ሙሉ ግርዶሽ ይልቅ ጨለም ብላ ትታያለች ወይ?

መልስ፦ ከ«ሬዲየስ»

ጥያቄዎን ከነቁጥሩ ስላቀረቡት ለመመለስ ይመቻል። እኔ የ2025ቱን ጉዳይ ልመልስ፤ የጊዜውን ርዝመትና የጨለማውን ነገር ሌሎች እንደሚያብራሩት ተስፋ አደርጋለሁ።

ምድር ከፀሐይ በተቃራኒ አቅጣጫ የምትጥለው ዋና ጥላ እየጠበበ የሚሄድ ሾጣጣ ነው፤ ርዝመቱም 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከፀሐይ ማዕከል ተነሥቶ በምድር ማዕከል በኩል የሚያልፈው ቀጥተኛ መስመር የሾጣጣው ዘንግ ነው። ጋማ የሚነግረን የጨረቃ ማዕከል ወደዚህ ዘንግ በጣም በሚቀርብበት ቅጽበት በመካከላቸው ያለውን ርቀት ነው፤ መለኪያው ግን ኪሎ ሜትር ሳይሆን በምድር ወገብ ላይ የሚለካው የምድር ሬዲየስ፣ ማለትም 6,378 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ የ2011ዱ 0.0897 ወደ 570 ኪሎ ሜትር፣ የ2018ቱ 0.1168 ደግሞ ወደ 745 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ካለ ጨረቃ ከዘንጉ በስተደቡብ አልፋለች ማለት ነው።

የጨረቃ የራሷ ሬዲየስ 1,737 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም በዚሁ መለኪያ 0.272 ገደማ ነው። ጋማ ከዚህ ካነሰ የጥላው ዘንግ የጨረቃን ገጽ ይነካል፤ ግርዶሹም ማዕከላዊ ይባላል። ከዚህ ከበለጠ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ብትሸፈንም ዘንጉ ከጠርዟ ውጭ ያልፋል። የሴፕቴምበር 2025ቱ ጋማ ‑0.2752 ነበር። ዘንጉ ከጨረቃ ጠርዝ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ስላለፈ፣ ግርዶሹ በጥብቅ ስሌት ማዕከላዊ አይደለም። ሜይ 16 ቀን 2022 የታየው ግን ጋማው ‑0.2532 ስለነበር ዘንጉ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ በልጦ ገብቷል፤ ስለዚህ ይቆጠራል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 8 ቀን የታየውም ጋማው 0.2570 ስለነበር ይቆጠራል፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ማዕከላዊ ግርዶሽ የጁን 26 ቀን 2029ኙ ነው።

ይህን ድንበር ግን ከሚገባው በላይ እንዳናከብረው እመክራለሁ። በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ የጨረቃ ጥላ ዘንግ ምድርን መንካቱና አለመንካቱ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በጨረቃ ግርዶሽ ግን በዘንጉ ላይ የሚገኝ የተለየ ነገር የለም፤ በ0.27 እና በ0.28 መካከል ተመልካች ሊያየው የሚችል ምንም ልዩነት አይፈጠርም። ለክፍፍል ሲባል የተበጀ ድንበር ነው፤ ጥቅሙም ረጃጅሞቹንና ጥልቆቹን ግርዶሾች በአንድ ስም መሰብሰቡ ነው።

መልስ፦ ከ«የምሕዋር ተማሪ»

ዋናው ጥያቄ የጊዜው ርዝመት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ግርዶሹ የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው የመንገዱ ርዝመት ብቻ አይደለም፤ የተጓዡም ፍጥነት አለበት።

መጀመሪያ ጋማው ምን ያህል እንደሚያስከትል እንመልከት። ጨረቃ በምትገኝበት ርቀት ዋናው ጥላ በአማካይ ወደ 9,200 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ሬዲየሱ ወደ 4,600 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው። ጨረቃ ሙሉ በሙሉ እንድትሸፈን ማዕከሏ ከዘንጉ ከ2,800 እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ክብ ውስጥ መግባት አለበት። በዚህ ክብ ውስጥ ከመሃሉ 570 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚያልፍ መንገድ፣ በመሃሉ ከሚያልፈው የሚያጥረው 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ 745 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚያልፈውም ቢሆን ከ4 በመቶ በታች ነው የሚያጥረው። እንግዲህ እርስዎ ያነጻጸሯቸው ሁለት ግርዶሾች በጋማ ምክንያት የሚለያዩት በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ክብ ከመሃሉ አጠገብ በሚቆረጥበት ጊዜ የመንገዱ ርዝመት ብዙ አይለወጥም፤ በፍጥነት የሚያጥረው ወደ ጠርዙ ስንጠጋ ነው።

ከዚህ በላይ የሚመዝነው ጨረቃ በምሕዋሯ ላይ ያለችበት ቦታ ነው። ጁላይ 27 ቀን 2018 ጨረቃ ከምድር በጣም በምትርቅበት ነጥብ ላይ፣ ከ406,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ነበር። በጁን 2011 ግን ለምድር በጣም ከምትቀርብበት ነጥብ ካለፈች አራት ቀን ያህል ብቻ ሆኗት ነበር። ጨረቃ ስትርቅ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ይከሰታሉ። ጥላው ከምድር እየራቀ ሲሄድ ስለሚጠብ የምታቋርጠው መንገድ ያጥራል፤ በሌላ በኩል እሷም ስትርቅ ቀስ ብላ ትጓዛለች። ጥላውም ባለበት የቆመ አለመሆኑን መርሳት አይገባም፤ ምድር ፀሐይን ስትዞር ጥላው ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ ጨረቃም በዚያው አቅጣጫ እየተጓዘች ደርሳበት ታልፈዋለች። ስለዚህ መቁጠር ያለብን የሁለቱን የፍጥነት ልዩነት ነው። ጨረቃ በጣም ቅርብ ስትሆንና በጣም ሩቅ ስትሆን ያለውን ሁኔታ ሳሰላው፣ በሩቁ ነጥብ ላይ ለሙሉ ግርዶሽ የሚሆነው መንገድ በ8 በመቶ ገደማ ሲያጥር፣ ፍጥነቱ ግን በ12 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ዝግታው የመንገዱን ማጠር ስለሚበልጠው የሩቋ ጨረቃ ግርዶሽ ይረዝማል። የ2018ቱ በጋማ የተበለጠውን በዝግታ ያካካሰው በዚህ መንገድ ነው።

አንድ ሦስተኛ ምክንያትም አለ። ምድር ከፀሐይ በጣም የምትርቀው በጁላይ መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ያኔ ፀሐይ ከእኛ ስትታይ በጥቂቱ ታንሳለች፣ የምድር ጥላም በጥቂቱ ይሰፋል። ጁላይ 6 ቀን 1982፣ ጁላይ 16 ቀን 2000 እና ጁላይ 27 ቀን 2018 የደረሱት ረጃጅም ግርዶሾች በዚህ ወር መገጣጠማቸው ስለዚህ በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 106 ደቂቃ ያህል ቆይተዋል፤ የጨረቃ ሙሉ ግርዶሽ ከዚህ እጅግም አልፎ ሊረዝም አይችልም፤ ጣሪያው 107 ደቂቃ ገደማ ነው።

እነዚህ ሦስቱ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ እኔን በዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው። ሳሮስ የሚባለው ዑደት 223 የጨረቃ ወራትን፣ ማለትም 18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ ይሸፍናል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ጨረቃ ከምድር ያላት ርቀትም ሆነ ከምድር ምሕዋር ጠለል ጋር ያላት አቀማመጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል ማለት ይቻላል። ፍጹም ስለማይመለስ ግን ጋማው በየዑደቱ በጥቂቱ ይገፋል። በዚህኛው ቤተሰብ፣ ቁጥር 129 በተሰጠው ሳሮስ፣ ጋማው በ1982 ‑0.0579፣ በ2000 0.0302፣ በ2018 0.1168 ነበር፤ በኦገስት 7 ቀን 2036 ደግሞ 0.2004 ይሆናል። ጨረቃ በየ18 ዓመቱ አንድ እርምጃ እያለች ከዘንጉ ደቡብ ወደ ሰሜን ስትሻገር በቁጥሮቹ ውስጥ ይታያል፤ በ2000 ከዘንጉ የራቀችው 190 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በተጨማሪ የቀሩት 8 ሰዓታት ምድርን በሲሶ ያህል ስለሚያዞሯት፣ ተከታዩ ግርዶሽ በሌላ የዓለም ክፍል ይታያል፤ የ2000ው በፓስፊክ ውቅያኖስና በአውስትራሊያ በኩል፣ የ2018ቱ በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ በአፍሪካና በእስያ በሚገባ ታይቷል።

መልስ፦ ከ«ቀይ ጨረቃ»

ስለ ጨለማው ለጠየቁት፣ አዎን፣ የጥላው መሃል ከጠርዙ ይበልጥ ይጨልማል፤ ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥተን ማዕከላዊ ግርዶሽ ሁልጊዜ ከሌላው የጨለመ ነው ብንል እንሳሳታለን።

በዋናው ጥላ ውስጥ ያለችው ጨረቃ የምትታየው የምድር ከባቢ አየር የፀሐይን ብርሃን እየሰበረ ወደ ጥላው ውስጥ ስለሚያስገባ ነው። ብርሃኑ ረጅሙን የአየር መንገድ ሲያልፍ ሰማያዊው በየአቅጣጫው ይበተንና ቀዩ ይቀራል። ወደ ጥላው ጠርዝ የሚደርሰው ጨረር በጥቂቱ ብቻ መሰበር ስለሚበቃው በከፍተኛው፣ ስስና ንጹሕ በሆነው አየር በኩል ያልፋል። ወደ ዘንጉ ለመድረስ ግን ጨረሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ መሰበር አለበት፤ ይህን ያህል የሚሰብረው ደግሞ ለመሬት የቀረበው ጥቅጥቅ ያለ አየር ብቻ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ ደመናና አቧራ ስለሚበዛ ብርሃኑ ይበልጥ ይዳከማል፣ ይበልጥም ይቀላል። የሚከተለውን ማየት የሚችል ሰው ልዩነቱን ያስተውላል፤ ማዕከላዊ ባልሆነ ግርዶሽ ለጥላው ጠርዝ የቀረበው የጨረቃ ወገን ፈካ ብሎ ሌላው ወገን ይጨልማል፣ በማዕከላዊው እኩሌታ ላይ ግን ዙሪያዋ በተቀራራቢ ደረጃ የደበዘዘ ሆኖ ትታያለች።

ነገር ግን በዚያ ወቅት ከባቢ አየሩ የያዘው ነገር ከጋማ ይልቅ ይወስናል። ዲሴምበር 30 ቀን 1963 እና ዲሴምበር 9 ቀን 1992 የደረሱት ሁለት ግርዶሾች እጅግ ጨለማ ነበሩ፤ ጨረቃን በዓይን ለማግኘት እንኳ ያስቸግር ነበር። ሁለቱም ግን ማዕከላዊ አልነበሩም። የመጀመሪያው የአጉንግ፣ ሁለተኛው የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ከፈነዱ በኋላ የመጡ ናቸው፤ ወደ ላይኛው ከባቢ አየር የተረጨው ብናኝ ብርሃኑን አስቀርቶታል። እኔ በበኩሌ ግርዶሽን እንደ ሰማይ ትዕይንት ብቻ ሳይሆን የመላው ምድር አየር በአንድ ሌሊት የሚመረመርበት አጋጣሚ አድርጌ የማየው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን መመዝገብ ለሚፈልግ፣ ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንድሬ ዳንዦን ያዘጋጀው ከ0 እስከ 4 የሚደርስ መለኪያ አለ፤ 0 ጨረቃ ለመታየት የምትቸገርበት፣ 4 ደግሞ ደማቅ ብርቱካናማ የምትሆንበት ነው። ምዘናው በግርዶሹ እኩሌታ ላይ፣ በዓይን መደረግ ይኖርበታል፤ ፎቶግራፍ ካሜራው ብርሃን በተቀበለበት ጊዜ መጠን ስለሚለዋወጥ ለዚህ አያስተማምንም።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከ«አድማስ»

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። በ2011 እና በ2018 መካከል ያለው ነገር አሁን ተገልጦልኛል። የቀረኝ የ2029ኙ ነው። ጋማው 0.0124 ነው፤ እንግዲህ ጨረቃ ከዘንጉ 80 ኪሎ ሜትር እንኳ አትርቅም። ታዲያ ሙሉ ግርዶሹ ከ2018ቱ ሊበልጥ አይችልም? ደግሞም ሁለት ሠንጠረዦች ለአንዱ ግርዶሽ በሰከንዶች የሚለያይ ጊዜ ሲሰጡ አይቻለሁ፤ የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ከ«የምሕዋር ተማሪ»

የ2029ኙ ሙሉ ግርዶሽ 102 ደቂቃ ገደማ ይቆያል፤ ከ2018ቱ በአንድ ደቂቃ ያህል ያንሳል። ጨረቃ ከ2018ቱ ይልቅ ለምድር ቀርባ ስለምትጓዝ ፈጣን ናት፤ መሃሉን መምታቷ የፍጥነቷን ውጤት ሙሉ በሙሉ አላካካሰውም። በጥልቀት ግን ይበልጣል። ጨረቃ ምን ያህል ወደ ጥላው ዘልቃ እንደገባች የሚያሳየው የግርዶሹ መጠን 1.84 ሲሆን፣ ይህ በመቶ ክፍለ ዘመኑ ውስጥ ከሁሉም የሚበልጠው ነው፤ የ2018ቱ 1.61፣ የ2011ዱ 1.70 ነበር። ረጅሙና ጥልቁ ግርዶሽ አንድ መሆን እንደማይገባቸው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ይህን ግርዶሽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለማየት የሚመቸው ደቡብ አሜሪካና የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ነው።

የሠንጠረዦቹ ልዩነት የሚመጣው የምድር ከባቢ አየር ጥላውን በጥቂቱ ስለሚያሰፋው ነው። ይህን ለማካተት አንዳንድ አስሊዎች የጥላውን ሬዲየስ በሃምሳኛ ክፍሉ ያሳድጉታል፣ ሌሎች ደግሞ ዳንዦን ያቀረበውን ሌላ ስልት ይከተላሉ፤ በግርዶሹ መጠን ላይ የሚያመጣው ልዩነት 0.005 ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ለማዕከላዊ ግርዶሽ ከቁም ነገር አይገባም። ኤፕሪል 4 ቀን 2015 እንደደረሰው ባለ ግርዶሽ ላይ ግን ነገሩ ይለያል፤ ጨረቃ በጥላው ጠርዝ ውስጥ ተጠግታ ስላለፈች ሙሉ በሙሉ የተሸፈነችው አምስት ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነበር፤ መጠኑም ከ1 የሚበልጠው ከአንድ ሺህኛ በታች በሆነ ቁጥር ስለነበር፣ የጥላው ስፋት በትንሹ ቢቀንስ ሙሉ መባሉ ራሱ አጠያያቂ ይሆን ነበር። ስለዚህ ለ2029 የትኛውንም ሠንጠረዥ ቢይዙ ችግር የለውም፤ ጥንቃቄ የሚሻው ጋማው ወደ 0.45 የሚጠጋ ግርዶሽ ሲያጋጥምዎ ነው።