አርሶ አደሩ በእንስሳት እርባታ ድጋፍ ከተቀባይነት ወደ ባለቤትነት እንዲሸጋገር ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ሰሜን ሸዋ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ደጋ ቀበሌ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ሆኜ ሳገለግል ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ይፋ ከሆነ ወዲህ ወተት፣ ዶሮና ማር ከስብሰባችን ተለይተው አያውቁም፤ ይህም ያስደስተኛል። ይሁን እንጂ አምና የ45 ቀን ጫጩቶችን ካከፋፈልን በኋላ፣ ክረምቱ ሲወጣ ቤት ለቤት ስዞር ያገኘሁት በአብዛኛው ባዶ የዶሮ ቤት ነበር። ከፊሉን ፈንግል ፈጅቶታል፤ የቀረው መኖ ሲወደድ ለእንቁጣጣሽ ተሸጧል። አንዲት እናት «ልጄ፣ ስትሰጡን ሁላችሁም መጣችሁ፤ ሲታመሙብን ግን ማንን እንጥራ?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። አሁን ደግሞ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ዕቅድ እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ፤ ያው ስህተት እንዳይደገም ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ እወዳለሁ።

መልስ፦ የእንስሳት ዝርያ ተመራማሪ

ወንድሜ፣ ሩቅ ሳይሄዱ የመንዝን ልምድ ይመልከቱ። ቀደም ባለው ጊዜ ከውጭ ዝርያ ጋር የተዳቀሉ በጎች ለአካባቢው ቀርበው ነበር፤ የኮሪዴል ዲቃላዎችን ግን አርሶ አደሩ መልካቸው ከለመደው ባለ ላት በግ ስለራቀበት አልተቀበላቸውም። በ2001 ዓ.ም. ገደማ በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ግን የተነሣው ከራሱ ከአርሶ አደሩ ምርጫ ነው።

ችግሩን እርስዎም ያውቁታል፦ ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ለፋሲካ ወይም ለገና ቀድሞ ይሸጣል፤ መንጋውን የሚያጠቃው፣ ማለትም ሴቶቹን የሚያስረግዘው፣ የቀረው ቀጫጫ ነው። ስለዚህ ግልገሎቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው ይመዘናሉ፤ ከዚያም አርቢዎቹ ራሳቸው ቁመናውን፣ ላቱን፣ ቀለሙንና የእናቱን ታሪክ አይተው አውራውን ይመርጣሉ። የተመረጠው በአርቢዎቹ ማኅበር ተዘዋዋሪ ገንዘብ ስለሚገዛ ባለቤቱ የበዓል ገበያ አመለጠኝ ብሎ አይቆጭም። ያልተመረጡት ደግሞ ተኮላሽተው ለሙክት ይደልባሉ ወይም ይሸጣሉ።

መልስ፦ የእንስሳት አዳቃይ ቴክኒሻን

እኔ የምጨምረው ስለ ጊዜ ነው። ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ የታየች ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየችው ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት በሰው ሠራሽ ዘዴ መዳቀል አለባት። ላሟ ቅዳሜ ማታ ስትፈልግ ባለሙያው ሰኞ ቢደርስ ሰዓቱ አልፏል፤ ባለቤቱም ሌላ 21 ቀን ይጠብቃል። ይህ ሦስት ጊዜ የደረሰበት ሰው ወደ ሰፈር ኮርማ ቢመለስ «ቴክኖሎጂ አይቀበልም» ተብሎ ሪፖርት ሊጻፍበት አይገባም። ተረኛ ባለሙያ፣ ነዳጅ ያለው ሞተር ብስክሌትና የኮርማውን ዘር አቀዝቅዞ የሚያቆይ የማይቋረጥ ፈሳሽ ናይትሮጅን ከአሥር ሥልጠና ይበልጣሉ።

መልስ፦ ወተት አምራች፣ ደብረ ብርሃን

ገበያውንም አትርሱብን። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ወተት የሚገዛን ሰው ይቀንሳል፤ ላሟ ግን በጾምም በፍስክም ትበላለች፤ ታልባለችም። ባለፈው ጾም ጠዋት ጠዋት የተመለሰብኝን ወተት ለቅቤ እያጠራቀምኩ፣ የፉርሽካ ዕዳዬን የከፈልኩት አንዲት ጊደር ሸጬ ነው። መንግሥት ለማኅበራት የወተት መናጫና ማቀዝቀዣ ቢያቀርብ፣ ለመኖ መግዣም በጾም ወራት ብድር ቢያመቻች፣ ላም ከሚሰጠን ይልቅ ያለችንን ላም ባቆየልን ነበር።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከማከፋፈያ ቀን በፊት አርቢዎቹን ሰብስቤ መመዘኛውን እነርሱ እንዲያወጡ አደርጋለሁ፤ የክትባቱንም ቀን አብረን እንቆርጣለን። ተዘዋዋሪ ገንዘቡ ግን እንዳያልቅ የሚደረገው እንዴት ነው?

ተመራማሪው

አውራው ካገለገለ በኋላ ደልቦ ይሸጥና ገንዘቡ ለቀጣዩ መግዣ ወደ ማኅበሩ ይመለሳል። አንድ አውራ ከገዛ ልጆቹ ጋር እንዳይጠቃቃም በየጊዜው ወደ ሌላ የአርቢዎች ቡድን ይዛወራል። የሒሳብ መዝገቡ በጽሕፈት ቤት ሳይሆን አባላቱ በመረጡት ሰው እጅ ይሁን።