3 ሜትር የድጋፍ ግንብ 50 ሳንቲ ውፍረት ይበቃዋል? (ደሴ)

የጦሳ ስር ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ሰዎች። ደሴ ጦሳ ስር ተዳፋት ላይ ትንሽ ቤት ልጀምር ነው። ከኋላ በኩል አፈሩ ተቆርጦ 3 ሜትር ገደማ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ እሱን የሚይዝ የድንጋይ ግንብ ያስፈልገኛል። ግንበኛው ጎበዝ ነው፣ የሰፈሩን ግማሽ ቤት የሰራው እሱ ነው፣ ግን ከታች እስከ ላይ 50 ሳንቲ ይበቃል አፈሩ ጥቅምት ላይ ከተቆረጠ ጀምሮ ራሱን ችሎ ቆሞ የለ እንዴ ይለኛል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የውሃ ማስወጫ ቱቦ ካልገባበት ይወድቃል ብሎ ሙግት ገጥሟል። ግንበኛው ቱቦ ግንቡን ያደክማል ባይ ነው። ማንን ልስማ? ብሩም እያለቀ ነው

ሲቪል ነኝ፦
ወንድምህን ስማ። አፈሩ አሁን የቆመው ደረቅ ስለሆነ እርስ በርሱ ተያይዞ ነው፣ ሐምሌ ሲገባ ያ መያያዝ ይላላል። ሂሳቡን በግምት ላሳይህ፣ አንድ ሜትር ኪዩብ አፈር 1.8 ቶን ቢሆንና መካከለኛ አፈር ነው ብንል በግንቡ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 2.7 ቶን ወደ ጎን ይገፋል፣ የሚገፋውም ከታች 1 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቁጠረው። የግንብህ ክብደት ደግሞ በሜትር 3.5 ቶን ገደማ ነው፣ ይበልጣል እንዳትል፣ ለመገልበጥ ዋናው ክብደቱ ከፊት ጠርዝ ያለው ርቀት ነው እሱ ደግሞ 25 ሳንቲ ብቻ። 2.7 ሲባዛ በ1 አንድ ወገን፣ 3.5 ሲባዛ በ0.25 ሌላ ወገን። ከሶስት እጥፍ በላይ ተበልጠሃል። ይሄ ገና ውሃ ሳይቆጠር ነው!! ውሃው መውጫ አጥቶ ከኋላ እስከ አናቱ ከሞላ ብቻውን 4.5 ቶን ይገፋል፣ ከአፈሩ ጋር ወደ 6 ቶን ይጠጋል። ቱቦ ግንብ አያደክምም፣ ሸክሙን ነው የሚቀንስለት። ከኋላው 30 ሳንቲ ያህል ጠጠር ሙላ፣ በየ1.5 ወይም 2 ሜትሩ ፒቪሲ ቱቦ ወደ ውጭ አዘንብለህ አስገባ፣ ከፊት ለፊት ቦይ ካለው ውሃው ቤትህ አይገባም። ግንቡ ደግሞ ከታች 1.5 ሜትር ሰፍቶ ወደ ላይ እስከ 40 ወይም 50 ሳንቲ ይጥበብ

የድሮ ግንበኛ፦
ልጆች ግንበኛውን እንዲህ አትውቀሱት። በኛ አገር ካብ ስንክብ ሲሚንቶ የሚባል የለም፣ ውሃው በድንጋዩ መሃል ሾልኮ ይወጣል ስለዚህ ካቡ ዘመን ይሻገራል። ሲሚንቶ ሲመጣ ያን መሹለኪያ ደፈነው፣ ውፍረቱ ግን እንደ ድሮው ቀረ። ለዚህ ነው ዛሬ በክረምት ግንቡ ሆዱን ነፍቶ የምታዩት። በየመሃሉ ረጅም ድንጋይ ወደ ውስጥ እየገባ ካልያዘው ደግሞ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ይሄን ማንም ኢንጅነር ወረቀት ላይ አያይልህም ቆመህ ነው የምታየው

የጦሳ ስር ልጅ፦
ጋሼ እናመሰግናለን። ግን 1.5 ሜትር መሬቴን በላው እኮ! ሁለት ደረጃ አድርጌ 1.5 1.5 ሜትር ብሰራስ?

ሲቪል ነኝ፦
ጥሩ ሀሳብ ነው። ግፊቱ በከፍታው ካሬ ስለሚያድግ ቁመቱ ሲጋመስ ግፊቱ ሩብ ይሆናል፣ ለመገልበጥ የሚያደርገው ጉልበት እንደውም ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ግን ላይኛውን ከታችኛው አጠገብ ከሰራኸው ክብደቱ ታችኛው ላይ ያርፋል ምንም አላተረፍክም፣ ራቅ ማለት አለበት፣ እሱም መሬት ይበላል። አርማታ በኤል ቅርጽ ካሰራህ ግንቡ ቀጭን ይሆናል፣ እግሩ ላይ የተጫነው አፈር ራሱ ይዞ ያቆመዋል፣ ችግሩ እግሩን ለማስገባት ወደ ጎረቤት መቆፈርና የብረቱ ዋጋ ነው

ኮምቦልቻ፦
እኛ ታች ቆላ ብለን ሌላ ጣጣ አለብን፣ ጥቁር አፈር። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ከግንብ ኋላ ከሞላኸው እብጠቱም ጨምሮ ነው የሚገፋህ። ደሴም ቢሆን አፈሩን እይ፣ ጥቁር ከሆነ የቆፈርከውን መልሰህ አትሙላበት፣ ሴሌክት (የማያብጥ የተመረጠ መሙያ አፈር) አስመጣ። ሌላው ያለነው ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው፣ በ1953 የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዴት እንዳፈራረሰ አባቶች ያወራሉ፣ መሬት ሲወዛወዝ ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ ልክ በልኩ አትስራ

ሲቪል ነኝ፦
@የጦሳ ስር ልጅ ከላይ ያለው ጎረቤት የሽንት ቤት ጉድጓዱ የት ጋ ነው?

የጦሳ ስር ልጅ፦
ኧረ እዛው ከጫፉ ላይ ነው፣ 3 ሜትርም አይርቅ 😅

ሲቪል ነኝ፦
በል እንግዲህ አፈርህ በጋም ክረምትም እርጥብ ነው፣ ደረቅ ነው የሚለው ነገር አበቃ። ጎረቤትህን ቀስ ብለህ አናግረው፣ ጉድጓዱ ይዛወር ወይም ታሽጎ ይሰራ፣ የጣራው አሸንዳም ወደ ቦይ ይግባ። እስከዚያ መሰረት አትቆፍር፣ ቦታውን የሚያይ ኢንጅነር ይዘህ ሂድ

የጦሳ ስር ልጅ፦
ጎረቤቴ አክስቴ ናት፣ ማናገሩ ነው ከግንቡ የከበደኝ