አስቸኳይ፦ የአባቴ የኮርቤት መጽሐፍ ውሃ ገባበት፣ ምን ላድርግ?

ልጅት (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የአባዬ የጂም ኮርቤት «የኩማኦን ሰው በላዎች»፣ አዳኙ ራሱ ህንድ ውስጥ ሰው የሚበሉ ታይገሮችን እንዴት እንዳደነ የጻፈው መጽሐፍ፣ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ሞልቶ ፈሰሰና በኮርኒሱ በኩል መደርደሪያው ላይ ወረደ። ሌሎቹ ተርፈዋል፣ የሱ ግን ገጾቹ ተጣብቀዋል። አባዬ ሐሙስ ከሐዋሳ ይመጣል። ቤት ሲገባ ከእኔ በፊት ሰላም የሚለው መጽሐፎቹን ነው። 1944 የሚል ስላለው የመጀመሪያ እትም ነው፣ ውድ ነው! በፀጉር ማድረቂያ ልጀምር ወይስ ፀሐይ ላይ ላስጣው?

የመርካቶው
አስጪው እንጂ። በርበሬስ እንዴት ነው የሚደርቀው?

ሜሪ ሪያድ
ሩዝ ውስጥ ክተቺው ማሬ። ስልኬ ሽንት ቤት ወድቆ በሩዝ ነው የዳነው።

ጠራዡ
ኧረ በፍጹም! ፀሐይም፣ ፀጉር ማድረቂያም፣ ካውያም አይነካው። ሙቀት ወረቀቱን ያጨማድደዋል፣ የጀርባውን ሙጫ ያደርቅና ይሰነጥቀዋል። መጀመሪያ ይሄን ንገሪኝ። መቼ ነው የረጠበው? ወረቀቱ ተራ ነው ወይስ እንደ መጽሔት የሚያብለጨልጭ? ፎቶ አለው? የተጣበቁትን ገጾች ደግሞ በጉልበት እንዳትከፍቺ። እርጥብ ወረቀት ይቀደዳል።

ልጅት
ትናንት ማታ ነው። ፎቶ አለው መሰለኝ፣ መሀሉ አልከፈት አለኝ። ፀጉር ማድረቂያውን ትንሽ ሞክሬ ነበር...

ጋሽ አንባቢ
ልጄ፣ አባትሽ ቁም ነገር የሚያነቡ ሰው ናቸው። ኮርቤት ሌላው አዳኝ እንደሚያደርገው ግዳይ ጥሎ የሚፎክር አይደለም። የቻምፓዋትን ታይገር ታሪክ ያነበበ ያውቀዋል። 436 ሰው ገድላለች ይባልላታል፣ እሱ የገደላት እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ከወደቀች በኋላ አፏን ቢያይ በቀኝ በኩል የላይኛው ክራንቻ ግማሹ የለም፣ የታችኛው እስከ አጥንቱ ተሰብሯል። የድሮ የጥይት ቁስል ነው። አጋዘን መያዝ ሲያቅታት ነው ወደ ሰው የዞረችው። እንግዲህ መጀመሪያ ያጠፋው ማን ሆነ? ደግሞ ጫካ ውስጥ እንዴት እንደሚያዳምጥ ተመልከቱ። ዝንጀሮ ሲጮህ፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ ታይገሯ የት እንዳለች ከዚያ ያውቃል። የዛሬ ልጅ ጆሮው ላይ ኤርፎን ሰክቶ...

የመርካቶው
ጋሼ፣ እርስዎ ሲያስተምሩ መጽሐፉ ሻገተ እኮ።

አሮጌ ተራ
እህቴ፣ 1944 ስላለ ብቻ የመጀመሪያ እትም ነው አትበይ። «መጀመሪያ የታተመው 1944» የሚለው መስመር በኋላ በወጡት እትሞችም ላይ ይታተማል። ከሥሩ ሌሎች ዓመቶች ተደርድረው ካየሽ ያንቺ የኋላ ነው። የመጀመሪያው ቦምቤይ ውስጥ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ የታተመው ነው። ይሄ መጽሐፍ ደግሞ በዘመኑ እንደ ጉድ ነው የተሸጠው፣ ስንት ጊዜ ታትሟል! እና ብዙ አትጨነቂ፣ ሌላ ገዝተሽ ተኪላቸው።

ልጅት
ሌላ አይተካውም! ዳር ዳሩን በእርሳስ ጽፎበታል፣ ለሮቢን ለኮርቤት ውሻ ምዕራፍ ሳይቀር። ወይ ለኔ!

አሮጌ ተራ
እሱንማ መጀመሪያ አትነግሪንም? በቃ አድኚው።

ሜሪ ሪያድ
ሩዝ ሞክሪ ብያለሁ።

ጠራዡ
ሩዝ ይቅር፣ ፍሬው ገጹ መሀል ገብቶ ያበላሸዋል። ስሚኝ። ነጭ የወጥ ቤት ሶፍት ውሰጂ። ጋዜጣ አይሆንም፣ ቀለሙ ይለቃል። መጽሐፉን ሳትጨምቂ ከውጭ ውሃውን አስመጥጪ። ከዚያ ወደሚከፈትበት ብቻ እየገባሽ በየ15 እና 20 ገጹ አንድ ሶፍት ሻጥ አድርጊ። ብዙ አትጨምሪበት፣ ጀርባው ይፈነዳል። ሶፍቱ ሲረጥብ ቀይሪ። ሶፍቱ ውሃ መምጠጡን ሲያቆም ሽፋኑን ትንሽ ከፈት አድርገሽ አቁሚው፣ ቬንትሌተር ከራቅ አድርገሽ ክፈቺ። ነፋሱ ክፍሉ ውስጥ ይዙር እንጂ ፊት ለፊት አይምታው። ሊደርቅ ሲል ዝጊውና ከላይ ክብደት ጫኚበት፣ አለበለዚያ እንደተንጨባረረ ይቀራል።

ቺካጎ ነኝ
ስለ ኮርቤት ተነሳ እንጂ መሐንዲሱ ፓተርሰን የገደላቸው የጻቮ አንበሶችስ? እዚህ ፊልድ ሙዚየም ቆመው አይቻቸዋለሁ። ሁለቱም ወንድ ሆነው ጎፈር የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1898 ኬንያ የባቡር ድልድይ የሚሠሩትን 135 ሰዎች የበሉት እነሱ ናቸው።

አሮጌ ተራ
135 ፓተርሰን ራሱ በኋላ ያወራው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ፀጉራቸውንና አጥንታቸውን የመረመሩ ተመራማሪዎች ወደ 35 አውርደውታል። አዳኝና ዓሣ አጥማጅ ሲናገር በአራት አካፍል።

ቺካጎ ነኝ
35 ሰው ትንሽ ነው እንዴ?!

ጋሽ አንባቢ
የእኛኑ ምድር ለሚፈልግ እንግሊዛዊው አሳሽ ሳሙኤል ቤከር አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1861 በሰቲትና በአትባራ ወንዞች በኩል ዞሮ መጽሐፉን በ1867 አሳትሞታል። የሐምራን ዐረብ ፈረሰኞች ዝሆን አባረው በጎራዴ ቋንጃውን ሲቆርጡ የጻፈው ገጽ ያስፈራል። አንዱ ከፊት ሆኖ ራሱን ማጥመጃ ያደርጋል፣ ሌላው ከኋላ በሩጫ ከፈረሱ ይወርዳል። ስለ ሐበሻ ያለውን ንቀት ግን እዚያው ተዉለት።

ባለ ዶሮዋ
የኔ ቆንጆ፣ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ካለው ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው። አልቀለድኩም። የእኔን የፎቶ አልበም ያዳንኩት ከዶሮና ከቅቤ ጋር አስቀምጬ ነው፣ እንግዳ ከፍቶ ሲያይ ጤንነቴን ጠረጠረ።

ጠራዡ
ትክክል ብላለች! ቀልድ ቢመስልም ከሁላችን የተሻለውን የተናገረች እሷ ናት። የሚያብለጨልጭ ወረቀት ተጣብቆ ከደረቀ አይላቀቅም፣ አለቀ። ሻጋታ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ያንቺ ከትናንት ማታ ጀምሮ እየቆጠረ ነው። በዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ጠቅልለሽ፣ ፌስታል ውስጥ አድርገሽ፣ ጀርባውን ወደ ታች አስቀምጪ። በረዶው አያደርቀውም፣ ጊዜ ነው የሚገዛልሽ። በኋላ ቀስ ብለሽ እያወጣሽ ገጽ በገጽ ትሠሪዋለሽ። ወይ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ትወስጂዋለሽ።

የመርካቶው
መብራት ከጠፋስ?

ጠራዡ
ፍሪዘሩን አትክፈቱት። ሲቀልጥና መልሶ ሲበርድ ይብሳል።

አሮጌ ተራ
ልጅት፣ በእርሳስ መሆኑ ጠቅሞሻል፣ እርሳስ ውሃ አያጠፋውም። ውሃ በሚያጥበው ቀለም ቢሆን ኖሮ ነበር ማልቀስ። ለአባትሽ ግን ሳይመጡ ደውለሽ ንገሪያቸው።

ቺካጎ ነኝ
የሩድራፕራያጉ ነብር ያለበትን ሌላኛውን የኮርቤት መጽሐፍ አዲስ አበባ የት ላገኘው እችላለሁ? በክረምት እመጣለሁ።

አሮጌ ተራ
በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ አንድ አለኝ። አልሸጥም፣ አውሳለሁ።

ደብረ ዘይት
እኔም እርዳታ ፈልጌ ነበር። የኔን ያበላሸው ግን ቡና ነው፣ ሙሉ ሲኒ።

ጠራዡ
ስኳር ነበረው?