«ሽታው ራሱ ምስክር ነው» ያለው ጠባቂ

ዘንባባ፦ ልጆቼን ይዤ በባሕር ዳር ከተማ ሐይቁ ዳር ወደሚገኝ አንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ሄድኩ። ውሃው ደፍርሷል፣ ጠርዙ ያዳልጣል። ጠባቂውን «ክሎሪኑን ለክታችኋል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እትዬ፣ አይሸትዎትም? ሽታው ራሱ ምስክር ነው» አለኝ። ምን ዓይነት መልስ ነው?

ታንኳ፦ ምን አጠፋ? ባይሸት ኖሮ «ምንም አልጨመሩበትም» ብለሽ ትጽፊ ነበር።

ቤተ ሙከራ፦ የሐሰት ምስክር ነው። ያ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠረው ክሎራሚን ነው። ባክቴሪያ የሚገድለው ነጻው፣ ማለትም ገና ከቆሻሻ ጋር ያልተዋሃደው ክሎሪን ነው፤ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ያስፈልጋል። ፒኤቹም (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት፤ ከ8 ካለፈ ክሎሪኑ እያለ ጉልበቱ ይደክማል።

ታንኳ፦ ስለዚህ ሲሸት ሌላ ክሎሪን ጨምሩበት ልትል ነው?

ቤተ ሙከራ፦ አዎን! ክሎራሚኑን የሚያፈርሰው በቂ ክሎሪን ነው፤ ወይም ከፊሉን ውሃ ቀይሩ።

ጣና ዳር፦ አባቶቻችን ጣና ውስጥ ሲዋኙ ክሎሪን የጨመረላቸው ማን ነው?

ዘንባባ፦ ቢልሃርዚያውንስ ማን ጨመረላቸው?

ጣና ዳር፦ ጣናን ተዪው። እምቦጩ አልበቃ ብሎን አንቺ ደግሞ በቢልሃርዚያ ቱሪስት አባሪ።

የገንዳ ሠራተኛ፦ ሥራው የእኔ ስለሆነ ልናገር። ጠዋት የተጨመረ ክሎሪን በባሕር ዳር ፀሐይ እስከ ቀትር አብዛኛው ይጠፋል። ማታ እንጨምር ስንል ባለቤቶቹ የትርፍ ሰዓት አይከፍሉም። እናንተ ግን ጠባቂውን ስደቡ።

ቤተ ሙከራ፦ ጠባቂውን አልሰደብኩም፣ ምስክሩን ነው። ይልቅ ጃኩዚውን፣ ያንን አረፋ የሚያወጣ የሙቅ ውሃ ገንዳ ፍሩ። ሙቀቱ ክሎሪኑን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ሽፍታ ያወጣል፣ ሊጅዮኔላ የሚባለው ደግሞ ከአረፋው በሚረጨው ነጠብጣብ ሳንባ ይገባል።

ታንኳ፦ ወደ ሽንቱ እንመለስ። የባሕር ዳር ሰው ገንዳ ውስጥ ይሸናል እያልክ ነው?

ቤተ ሙከራ፦ የየትኛውንም ከተማ ስም አልጠራሁም።

ጣና ዳር፦ ጎንደሬ ነህ መሰለኝ።

ዘንባባ፦ የመለኪያ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀለሙን ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እናንተ ጎንደር ደርሳችኋል።

ጣና ዳር፦ አልመለሰልኝማ!